የቡና ገለባችን ለምን ይጣላል?



«እንጉዳይ ዕንጨት ያበሰብሳል እንጂ ዕቃ ይሠራልን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይሠራል እላለሁ፤ ምክንያቴንም በአጭሩ እገልጻለሁ።

እንጉዳይ ብለን የምንለቅመው ፍሬውን ነው። ዋናው አካሉ በግንድና በአፈር ውስጥ የሚዘረጋው ነጭ ድር ነው። ይህ ድር ገለባ ውስጥ ሰርስሮ ሲገባ ብናኙን ሁሉ እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ስለዚህ ገለባው በፈላ ውሃ ከሌላ ሻጋታ ይነጻል፤ ሲቀዘቅዝ የእንጉዳይ ዘር ይደባለቅበታል፤ በፎርማ ተጠቅጥቆም ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ድሩ ገለባውን በልቶ ሳይጨርስ በምድጃ ሙቀት ሲደርቅ ዕድገቱ ይቆማል፤ ቅርጹን የያዘ ቀላል ዕቃም ይወጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚህ ሥራ በግልጽ ይታያል።

ነገሩ ሕልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የተቋቋመው ኤኮቬቲቭ የተባለ ኩባንያ ከእርሻ ተረፈ ምርት የዕቃ ማሸጊያ አብቅሏል። በ2014 በኒው ዮርክ ከተማ በ10,000 ያህል እንዲህ ባሉ ጡቦች ግንብ ቆሞ ታይቷል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ከእንጉዳይ ድር ስለሚሠራ ብሎኬት ጥናት አሳትመዋል።

እንግዲህ ወደ ሸኮ፥ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ እንመለስ። ቡና በተፈለፈለ ቍጥር የገለባ ክምር ይቀራል። የጫካ ማራችን ደግሞ በጠርሙስ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ እንዳይሰበር መደገፊያ ይሻል። ፎም ብንጠቀም ተጥሎ አይበሰብስም፤ የእንጉዳዩ ማሸጊያ ግን ተፈርፍሮ በቡናው ግርጌ ቢጣል አፈር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ዐዋጅ አጽድቋል። ክልከላ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምትክ ያስፈልጋል።

እርግጥ ይህ ዕቃ ውሃ ይመጣል፤ ከባድ ሸክምም አይችልም። ዝናብ በማይለየው አገራችን የውጭ ግድግዳ ይሁን አልልም። በማር ማሸጊያ እንጀምር፤ ከተሳካም የቤት ውስጥ ኮርኒስ እንሞክር።

ወላጆች አንድ ጆንያ ገለባ፥ መምህራን የቤተ ሙከራውን አንድ ጥግ ቢሰጡን፥ እኛ ተማሪዎች ጕልበታችንን እንሰጣለን። ቢሰምርም ባይሰምርም ውጤቱን በሚመጣው ዓመት መጽሔት እጽፍላችኋለሁ።