ልስላሴ የጋረደው ጥበብ

ከኦሃዮ ግዛት ትንሽ ከተማ ከፒኳ የወጡት የሚልስ ወንድማማቾች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሙዚቃ ውስጥ እጅግ ከተደመጡት፣ ግን ተገቢው ጥናት ካልተደረገላቸው የድምፅ ቡድኖች አንዱ ናቸው። ጆን፣ ኸርበርት፣ ሃሪና ዶናልድ የተባሉት እነዚህ አራት ጥቁር አሜሪካውያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1910 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት የተወለዱ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ስለ እነሱ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ክፍል ወንድማማቾቹ በአፋቸው የጃዝ ኦርኬስትራ የሆኑበት የ1930ዎቹ ዘመን ሲሆን፣ በአድናቆት ይነሣል። ሁለተኛው ደግሞ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ያቀረቡበት ከ1940ዎቹ ወዲህ ያለው ዘመን ሲሆን፣ ለገበያ ሲባል የመጣ ማሽቆልቆል ተደርጎ በአጭሩ ይታለፋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። የኋለኛው ልስላሴ የፊተኛው ድካም ፍሬ እንደሆነና፣ ያለ መጀመሪያው ዘመን ልምምድ የሁለተኛው ዘመን ዘፈኖች ሊገኙ እንደማይችሉ ሸክላዎቹን በጥሞና ለሚያዳምጥ ሁሉ ግልጽ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ሐርመኒ የሚባለውን ማብራራት ያስፈልጋል። ሐርመኒ ከፍታቸው የተለያየ፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ድምፆች በአንድ ጊዜ አብረው ሲጓዙ የሚፈጠር ውሕደት ነው። በቅዱስ ያሬድ ዜማም ሆነ በአብዛኛው የአማርኛ ዘፈን የድምፁ ባለቤቶች ቢበዙም ሁሉም የሚከተሉት አንድን ዜማ ስለሆነ፣ ለአማርኛ አንባቢ ቀረብ የሚለው የአገር ውስጥ ምሳሌ በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች የሚያዜሙት ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን ነው። በዶርዜዎቹ ዘፈን ድምፆቹ እየተቀባበሉና እየተጠላለፉ ሲሄዱ፣ በሚልሶቹ ዘንድ ግን አንዱ ዜማውን ይመራል፤ የቀሩት ሦስቱ ከላይና ከታች ሆነው ያጅቡታል። ከወንዶች ድምፅ ቀጭኑ ቴነር፣ መካከለኛው ባሪቶን፣ ጎርናናው ባስ ይባላል፤ የቡድኑ ውበትም እነዚህ ሦስት ዓይነት ድምፆች ማንም ማንንም ሳይውጥ በሚኖራቸው ምጥጥን ላይ የተመሠረተ ነው።

አባታቸው ጆን ሚልስ ትልቁ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ከሥራቸው ጎን ለጎንም ባርበርሾፕ በሚባለው ስልት የሚዘፍን የአራት ሰዎች ቡድን አባል ነበሩ። ስልቱ ስሙን ያገኘው ከፀጉር ቤት ሲሆን፣ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞችና ባለሙያዎቹ ያለ መሣሪያ እየተቀባበሉ ከሚያዜሙበት ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ልጆቹ ቤት ውስጥ የሰሙትን ይዘው በከተማቸው መድረኮች መዝፈን ሲጀምሩ ካዙ የተባለች ትንሽ መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ካዙ በውስጧ ስስ ሽፋን ያላት፣ ሰው አፉን ገጥሞ ሲያንጎራጉርባት የምትነዝር ቱቦ ናት። ቤተሰቡ ዘወትር ይተርከው እንደነበረው፣ ሃሪ በአንድ የውድድር ምሽት ካዙውን ረስቶ ወደ መድረክ ስለወጣ መዳፉን አፉ ላይ ደፍቶ የትራምፔት ድምፅ አስመስሎ አወጣ፤ ተመልካቹም ወደደው። ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ፤ ሃሪ አንደኛው ትራምፔት፣ ኸርበርት ሁለተኛው ትራምፔት፣ ዶናልድ ትሮምቦን፣ የበኩር ልጅ ጆን ደግሞ ቱባ ሆኑ፤ ጆን በዚያ ላይ ጊታሩን ይመታ ነበር።

ይህን ተራ የማስመሰል ጨዋታ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ከፍተኛ የሙዚቃ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። የትራምፔት ነፊ ኖታውን የሚጀምረው ትንፋሹን በምላሱ ገትቶ በድንገት በመልቀቅ ሲሆን፣ በዘፋኝ ልማድ ድምፁን ከጉሮሮ ቀስ አድርጎ የሚያወጣ ሰው ያንን የተቆረጠ አጀማመር ሊያገኘው አይችልም። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው የሃሪ ድምፅ ግን ልክ እንደ ነፊው ተቆርጦ ይነሣል፤ አፉን የከደነው መዳፍም ሲከፈትና ሲዘጋ ማፈኛ የተደረገበትን ትራምፔት እንጉርጉሮ ይሰጠዋል። ትሮምቦን የሚሆነው ድምፅ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ቱባው ደግሞ ቃል ሳይኖረው ምቱን ብቻ በአጭር በአጭሩ ይረግጣል። አራቱ ይህን ሲያደርጉ የኦርኬስትራውን ጩኸት ብቻ ሳይሆን የኦርኬስትራውን ሥርዓትም ጭምር ይማሩ ነበር፤ ማለትም ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል፣ አጃቢው ለመሪው ምን ያህል ቦታ እንደሚለቅ።

ለዚህ ጥበብ መድረክ የሰጠው ማይክሮፎን ነው። እስከ 1925 ድረስ ሸክላ የሚቀረጸው ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል ቱቦ ውስጥ እየጮኸ ስለነበር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ በሸክላው ላይ የመቅረት ዕድሉ አነስተኛ ነበር። የኤሌክትሪክ ቀረጻ ከመጣ በኋላ ግን በመዳፍ የታፈነ ድምፅና በሹክሹክታ የተባለ ቃል እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማ ጀመር። ሚልሶቹ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደብሊው ኤል ደብሊው በተባለው የሲንሲናቲ ከተማ ኃይለኛ የሬዲዮ ጣቢያ ታውቀው፣ በ1930ዎቹ መግቢያ ወደ ኒው ዮርክ ሲያቀኑ ሲ ቢ ኤስ የተባለው አገር አቀፍ የሬዲዮ ድርጅት ተቀበላቸው። በ1931 ብራንዝዊክ በተባለው ኩባንያ የቀረጹት «ታይገር ራግ» ኦሪጂናል ዲክሲላንድ ጃዝ ባንድ የተባለው ቡድን በ1917 ያሳተመው ፈጣን የመሣሪያ ሙዚቃ ሲሆን፣ እነሱ ግን ከአንድ ጊታር በቀር ምንም መሣሪያ ሳይዙ ተጫወቱት። ሰሚው ስላላመነ ኩባንያው ከአንድ ጊታር በስተቀር መሣሪያም ሆነ ሜካኒካዊ ዘዴ አለመጠቀሙን በሸክላዎቹ ወረቀት ላይ አትሞ ያሳውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ከዘፋኙ ከቢንግ ክሮዝቢ ጋር «ዳይና»ን፣ በ1932 ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር «ዲጋ ዲጋ ዱ»ን፣ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ከሉዊስ አርምስትሮንግ ጋር በርካታ ዘፈኖችን ቀረጹ። በአስመሳይ ትራምፔትነት የተጀመረ ሥራ ከዘመኑ ታላቅ የትራምፔት ተጫዋች ጎን መቆሙ ብቻውን የብቃታቸው ምስክር ነው።

ዘመኑ የዘር መለያየት በሕግ የጸናበት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በወቅቱ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ የጥቁር ሙዚቀኞች ትርኢት ከታሪኩ ተነጥሎ የሚቆም ትዕይንት ተደርጎ ይቀረጽ ነበር፤ ይህም በደቡብ ግዛቶች የሚገኙ ሲኒማ ቤቶች ትዕይንቱን ቆርጠው እንዲጥሉት የሚያመች ነበር። ሬዲዮ ግን ፊት አያሳይም፤ ድምፁ ብቻ ከነጩም ከጥቁሩም ሳሎን በአንድ ምሽት ይገባል። ሚልሶቹ በአገር አቀፍ የሬዲዮ መረብ ላይ የንግድ ድርጅቶች ወጪውን የሚሸፍኑለት የራሳቸው ፕሮግራም ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ውስጥ ናቸው፤ በ1934ም በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ አምስተኛ ፊት ቀርበው ዘፍነዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኀዘን ቡድኑን ሊበትነው ይችል ነበር። ጆን በእንግሊዝ አገር ሳለ የጀመረው ሕመም ጸንቶበት በ1936 መጀመሪያ በ25 ዓመቱ ሞተ፤ በእሱ ሞት ቡድኑ ባሱንም፣ ቱባውንም፣ ጊታሩንም በአንድ ጊዜ አጣ። የቀሩት ሦስቱ ሥራውን ለማቆም አስበው ነበር፤ ነገር ግን አባት የበኩር ልጃቸውን ቦታ ወስደው ከልጆቻቸው ጋር ቆሙ። የልጅን ቦታ አባት መውረሱ የልማድን ሥርዓት የሚገለብጥ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ይህን ያደረጉት ለአንድ የማስታወሻ ምሽት ሳይሆን ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ነው። የጊታሩን ሥራ መጀመሪያ በርናርድ አዲሰን፣ በኋላም ኖርማን ብራውን ያዙት። በዚህ ለውጥ የመሣሪያ ማስመሰሉ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ ቃላቱ እየጎሉ መጡ።

«ፔፐር ዶል» ማለትም «የወረቀት አሻንጉሊት» የተባለው ዘፈን የተቀረጸው በየካቲት 1942 ሲሆን፣ ኩባንያው ዴካ ተስፋ ያደረገበት በሸክላው ሌላኛው ገጽ ላይ ያለውን ዘፈን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1942፣ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ጄምስ ፔትሪሎ የሸክላና የሬዲዮ ኢንዱስትሪው የሙዚቀኞችን እንጀራ እየወሰደ ነው በማለት አባሎቻቸው ምንም ዓይነት ቀረጻ እንዳያደርጉ አገዱ። እገዳው በዴካ ከአንድ ዓመት በላይ፣ በሌሎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ደግሞ እስከ 1944 መጨረሻ ጸንቶ ስለቆየ፣ ኩባንያዎቹ ቀድመው የቀረጿቸውን ሸክላዎች ደጋግመው ወደ ገበያ አወጡ፤ ለአዲስ ቀረጻም የማኅበሩ አባል ያልሆኑ ዘፋኞችን ያለ መሣሪያ ማሰለፍ ግድ ሆነባቸው። «ፔፐር ዶል» በዚህ ክፍተት ውስጥ ቀስ እያለ ወጣና ከ1943 መገባደጃ ጀምሮ 12 ሳምንት በሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜዳ ያሉ ወታደሮችና ቤት የቀሩ ወዳጆቻቸው እኩል የሚሰሙት ዘፈን ሆነ። ግጥሙንና ዜማውን በ1915 የደረሰው ጆኒ ብላክ ይህን አላየም፤ የሞተው በ1936 ነው።

ማሽቆልቆል የሚባለው እንግዲህ ከዚህ ሸክላ ይጀምራል። ዘፈኑን ግን ደግሞ ደጋግሞ ማድመጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድ ድምፅ ያለ ችኮላ ቃሉን ይናገራል፤ ከኋላው የሚያንጎራጉሩት ድምፆች እንደ ትሮምቦን ክፍል ረጅም ኖታ ይዘው ይቆዩና መሪው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ላይ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ ምቱ በድንገት ይፈጥናል፤ ያው ግጥም በሁለተኛው ዙር በዳንስ ምት ሲመጣ አራቱም ቃሉን በአንድነት ይወስዱና እንደ ጃዝ ባንድ ነፊዎች ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ያወጡታል፤ የአባትየው ባስም ከሥር ምቱን ይረግጣል። ትራምፔቱም ትሮምቦኑም አልጠፉም፤ ወደ ቃላቱ ውስጥ ገቡ እንጂ። ተቺዎች በ1930ዎቹ ያደነቁት ነገር በ1940ዎቹ ሸክላ ላይ አልሰማ ያላቸው፣ ቀድሞ ለመታየት ይሠራ የነበረው ጥበብ አሁን ዘፈኑን ለማገልገል ስለተሸሸገ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሚዛን የኋለኛው ይከብዳል፤ መዳፍን አፍ ላይ አድርጎ ሰሚን ማስደነቅ ታላቅ ችሎታ ቢሆንም፣ ሰሚው ችሎታውን እንኳ ሳያስተውል በዘፈኑ እንዲወሰድ ማድረግ ከዚያ የበለጠ የራስ መግዛት ይጠይቃል።

ስለ ወንድማማች ድምፅ ሲነሣ ብዙ ሰው ምስጢሩን ለደም ይሰጣል፤ ይህ አባባልም መሠረት አለው። በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች አናባቢዎችን የሚያወጡት በአንድ ዓይነት የአፍ አከፋፈት ሲሆን፣ የጉሮሮና የአፍ ቅርጻቸውም ይመሳሰላል፤ አናባቢ ከአናባቢ ሲገጥም ደግሞ ድምፆቹ ተለይተው ለመሰማት እስኪያስቸግሩ ይዋሐዳሉ። በዚያው ዘመን ከኒው ኦርሊንስ የተነሡት የቦስዌል እህትማማቾችና ከሚኒያፖሊስ የተነሡት የአንድሩስ እህትማማቾችም በዚህ ተጠቅመዋል። ይሁን እንጂ ደም ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ፣ ሃሪ በጦርነቱ ዘመን ለውትድርና ሲጠራ የቤተሰቡ አባል ያልሆነው ጂን ስሚዝ የተባለ ዘፋኝ ቦታውን ሸፍኖ ቡድኑን ማስቀጠል ባልቻለ ነበር። ውሕደቱን ያመጣው፣ ከልጅነት ጀምሮ የተለማመዱት ለሌላው ድምፅ ቦታ የመልቀቅ ሥርዓት ነው፤ ይህም መማር የሚቻል ነገር ነው።

በ1952 በሃል ማኪንታየር ኦርኬስትራ ታጅበው ያቀረቡት «ግሎው ዎርም» ከጀርመናዊው ፓውል ሊንከ የቆየ የኦፔሬታ ዜማ የተወሰደና ጆኒ መርሰር አዲስ ግጥም የጻፈለት ሲሆን፣ እሱም የሽያጩን ሰንጠረዥ መርቷል። በአፋቸው ኦርኬስትራ የነበሩት ሰዎች እውነተኛ ኦርኬስትራ ከኋላቸው ሲያገኙ አለመጮኻቸው፣ ይልቁንም የነሐስ መሣሪያዎቹ ይበልጥ እንዲደምቁ እነሱ ዝቅ ማለታቸው የሚደነቅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አባት በእርጅና ምክንያት ሲያቆሙ ሦስቱ ልጆች ቀጠሉ፤ ሮክ ኤንድ ሮል የዘመኑን ሙዚቃ ከቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላም በ1968 «ካብ ድራይቨር» በተባለው ዘፈን እንደገና ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። ታዋቂው ዘፋኝ ዲን ማርቲን ዘና ያለ አዘፋፈኑን የቀዳው ከሃሪ ሚልስ መሆኑን ራሱ ይናገር ነበር። የዲን ማርቲንን ስም የሚያውቀው አድማጭ ግን የሃሪን ስም ከሚያውቀው እጅግ ይበዛል፤ ይህም በሙዚቃ ታሪክ ላይ የሚታይ ግልጽ አድልዎ ነውና ሊታረም ይገባዋል።

ሃሪ በ1982፣ ኸርበርት በ1989 ዐረፉ። ዶናልድ ከልጁ ከጆን ጋር መዝፈኑን ቀጥሎ፣ በ1998 ለቡድኑ የተሰጠውን የግራሚ የሕይወት ዘመን ሽልማት በሕይወት ያለ ብቸኛው ወንድም ሆኖ ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ዐረፈ። ልጁ ጆን የአጎቱንና የአያቱን ስም እንደያዘ ሥራውን የቀጠለው፣ ከቤተሰቡ ውጭ ከሆነው ፕላተርስ ከተባለው የድምፅ ቡድን የቀድሞ ዘፋኝ ከኤልመር ሆፐር ጋር ነው።