ባለጉዳይዋ ያልተጠራችበት እርቅ

ጎጃም ውስጥ በሽምግልና ላይ ክፉ መናገር በአባት ላይ ክፉ እንደ መናገር ይቆጠራል። እኔም ሽምግልናን ከነሥሩ ልነቅል አልተነሣሁም። ከደንበጫ እስከ ሽንዲ፣ ከቋሪት እስከ ሰከላ ያለው ገበሬ በድንበር ተጋፍቶ፣ ከብት ሰብል በልቶበት፣ ሲብስም ደም ተቃብቶ ሽማግሌ ባይገባ ኖሮ ስንቱ ቤት ጠፍቶ ነበር። የገዳይና የሟች ወገን ዳግም በአንድ ገበያ እንዲውሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዲያስቀድሱ ያደረገው ፖሊስ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። የምነቅፈው ይኸው የተከበረ ሙያ የማይገባበት ገብቶ የሚሠራውን ነው። ሕፃን ልጅ ስትደፈር ‹‹ነገሩ ከውስጥ ይለቅ›› ተብሎ የሚደረገውን እርቅ።

አካሄዱን በአገሩ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትያዛለች። አባት ጠመንጃውን ያነሣል፤ ወንድም ይፎክራል። የደፋሪው ወገን ፖሊስ ከመስማቱ በፊት ሽማግሌ ይልካል። ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ጥፋተኛው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቀርብና ከአባትየው እግር ላይ ይወድቃል። አባት ፊቱን ያዞራል፤ ይለመናል፤ እንደገና ይለመናል፤ በመጨረሻ ‹‹ስለ እናንተ ብዬ›› ይላል። ካሳ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ነገሩን ዳግም የሚያነሣ ሰው ላይ ግዝት ያስራሉ። ከዚያ ጠላ ይቀዳል። ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲሆን ጓዳ ናት።

ድንጋዩ ማን ፊት እንደ ወረደ ልብ በሉልኝ። የተለመነው፣ ያኮረፈው፣ ይቅር ያለው፣ ካሳውን የተቀበለውም አባት ነው። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በሁለት ቤቶች መካከል ጠብ ስላለ ነው፤ ጠቡም በእርግጥ በርዷል። በሕፃን አካል ላይ የተሠራው ወንጀል ግን ከዛፉ ሥር አልቀረበም። የነፍስ ግድያ እርቅ ላይ ሟቹ መናገር ስለማይችል ዘመዱ ስለ እሱ ይናገራል፤ ይህ ይገባኛል። እዚህ ግን ተበዳይዋ በሕይወት አለች፤ ከሸንጎው ብትጠራ የምትሰማበት ርቀት ላይ ናት። ምን ሆንሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሞታ ብትሆን ከዚህ የሚለይ ምን ይደረግ ነበር?

ከገንዘቡ የባሰም አለ፤ ካሳው ጋብቻ የሚሆንበት ጊዜ። ‹‹ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ያው እሱው ይውሰዳት›› ይባላል። የደፈራት ሰው ባሏ ይሆናል፤ አንድ ቀን የሆነው ነገር በየሌሊቱ እንዲሆን በሽማግሌ ይፈቀዳል። ይህን የሚሉ አባቶች ጨካኞች አይደሉም። ብዙዎቹ ችግር የፈቱ፣ ልጅቷን ሜዳ ላይ ከመቅረት ያዳኑ ይመስላቸዋል። የአገሪቱ ሕግ ራሱ በአንድ ወቅት እንዲሁ ያስብ ነበር፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊም ሆነ ደፋሪ ተበዳይዋን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶ ነበር። በሩ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ጽፏል። ዛፍ ሥር የሚሠራበት ሕግ እንግዲህ ከተሻረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በሩ እንዲዘጋ የተከፈለውን ዋጋ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ታግታም የጋብቻ ውል እንድትፈርም ተገደደች። ጥፋተኛው 10 ዓመት ተፈረደበት፤ ብዙም ሳይቆይ በይግባኝ ተለቀቀ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከውጭ አጋር ጋር ሆኖ ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰደው። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቷን አልጠበቀም ብሎ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ከጥቃቱ እስከ ውሳኔው ልጅቷ ሙሉ ሴት ሆናለች። ያም ሆኖ ካሳው ለእሷ፣ በእሷ ስም ነበር የተወሰነው።

‹‹ሕገ መንግሥቱም ባህላዊ ዳኝነትን ይፈቅዳል›› የሚል ሙግት ከተማሩት ዘንድ ይሰማል። አንቀጽ 34 የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ሕግ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። መድፈር የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም። ሽማግሌ ነገሩን ሲመረምር ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ ‹‹ጮኻለች ወይ? ወዳ ሄዳ እንደሆነስ?›› የሚል ነው። ሕጉ ለልጅ ይህን ጥያቄ አያነሣም። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ከ13 እስከ 18 ከሆነች ደግሞ ያለ ኃይል የተፈጸመው እንኳ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ በኃይል ከሆነ እስከ 20 ይደርሳል። ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት የአባትን አቤቱታ አይጠብቅም። አባት ‹‹ትቼዋለሁ›› ቢል የተወው የራሱን ቂም ነው።

በወረቀት ላይ እንዲህ ከሆነ ስንቱ መዝገብ ለምን ይዘጋል? ግዝቱ ስለሚሠራ ነዋ። እርቅ በወረደ ማግስት ያየው ሰው አላየሁም ይላል። ስትጮህ የሰማችው ጎረቤት ታማ ተኝታ ነበር። ልጅቷ ራሷ ቃሏን ትለውጣለች፤ አባቷ ገንዘቡን ተቀብሏልና ምን ታድርግ? መርማሪው ወረቀቱን ጨርሶ ይልካል፤ ዐቃቤ ሕጉ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ይዘጋዋል። ፍርድ ቤት አይሠራም እያልን የምናማርረው የፍርድ ቤቱን ምስክር ራሳችን በመስቀል አስረን ነው።

ለእርቁ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ አፍ የሚያስይዘው ‹‹የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ›› የሚለው ነው። እናቶችም የሚስማሙት እዚህ ላይ ነው። ግን እስኪ እናስበው። ጎልማሳ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መንደር ለመንደር ሲሄድ፣ አሥርና አሥራ አምስት ሽማግሌ አደባባይ ሲቀመጥ፣ ጠላ ሲጠመቅ ያልሰማ ማን አለ? በማግስቱ ወሬው ገበያ ይወጣል። እርቁ ምስጢር የሆነው ከፖሊስና ከጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ገመና መሸፈን ከተፈለገ ችሎት ሊዘጋ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ የግል ሕይወትን ለመጠበቅ በዝግ ችሎት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ የዛፍ ሥር ሸንጎ ግን በር የለውም። በ2008ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶ የሚሆኑት ለማንም ያልተናገሩ፣ እርዳታም ያልጠየቁ ነበሩ። ይህን ዝምታ ጨዋነት ብለን እናደንቀዋለን። ጥፋተኛውስ? እሱ ይቅርታ የጠየቀ፣ ሽማግሌ ያከበረ ጨዋ ሆኖ ይወጣል፤ ለጥምቀት ዘፈን ይመራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ይኸው ስምን የመጠበቅ አባዜ ሌላም ልጅ አለው፤ ‹‹ሳትደፈር እንዳራት›› የሚባለው። የፍርሃቱን መነሻ አላናንቅም። ከቀበሌዋ ስምንተኛን ጨርሳ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለመማር የምትመጣ ልጅ የምትኖርበትን ቤት ያየ አባት ይፈራል። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ልጃገረዶች፣ ጥግ ላይ ከቤት የመጣ የስንቅ ቋጠሮ፣ እንጀራው ሻግቶ እንዳያልቅ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድርቆሽ፣ ከውጭ ቢገፉት የሚከፈት የቆርቆሮ በር። ቡሬ ላይ ደግሞ የነቀምቴና የባሕር ዳር መንገድ ይገናኛል፤ መኪና አያጣም፤ አዳሪው ብዙ ነው። አባት መፍራቱ ልክ ነው። መፍትሔው ግን ለበሩ ብረት መቀርቀሪያ ማሠራት፣ ቤተሰብ ተዋጥቶ አንዲት አሳዳሪ እናት መቅጠር ሊሆን ሲችል ልጅቷን በ14 ዓመቷ ለማታውቀው ሰው መስጠት ሆኖ አረፈው። ከመደፈር ለማዳን በድግስ አጅቦ ማስደፈር ማለት ነው፤ ቃሉ ቢከብድም ሌላ አላገኘሁለትም።

ድግሱ ደግሞ ውድ ነው፤ ስለዚህ የታላቅየዋ ሠርግ ሲደገስ ታናሽየዋም በዚያው ትዳራለች፤ አንድ በሬ ለሁለት ሙሽራ። ‹‹ዕድሜዋ ስንት ነው?›› ሲባል ‹‹18 ሞልቷታል›› ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ወረቀት የላትም። አገሩ ግን ሴት ልጅን በ80 ቀኗ ክርስትና የሚያስነሣ አገር ነው። የክርስትና እናቷ በማን ዓመታዊ በዓል ሰሞን እንዳነሣቻት ታውቃለች፤ የተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን ካህን ደግሞ የሠርጉን ድግስ ሊባርኩ መጥተዋል። ዕድሜ የሚጠፋው ሲፈለግ ነው። ይህን ለማቃናት ተአምር እንደማያስፈልግ ጎጃም ራሱ ምስክር ነው። ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ‹‹ብርሃነ ሔዋን›› የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ለልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጠ፣ የልጃገረዶች ቡድን ተቋቋመ፣ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ በግ ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባታቸው ዕድል ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ‹‹ባህላችን ነው›› የተባለው ነገር በአንድ በግ ቆመ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን አልቆመም፤ ጭራሽ ጨመረ። አባቶች የጠበቁት በጉ እስኪመጣ ነበር መሰለኝ።

ተደፍራ የተገደለችው የባሕር ዳሯ የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ በነሐሴ 2016 አገሩን ሲያንጫጫ ‹‹25 ዓመት አይበቃውም፣ ይሰቀል›› ያለው ሕዝብ መካከል በየቀበሌው እንዲህ ያለ እርቅ ላይ የተቀመጠ አልነበረም ትላላችሁ? ያ ገዳይ የተፈረደበት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለደረሰ ነው። ልጅቷ ባትሞት ኖሮ፣ መንደሩም ገጠር ቢሆን ኖሮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። የምንቆጣው ስትሞትብን ነው፤ በሕይወት የተረፈችዋን ግን እናስታርቅባታለን።

አሁን ከባዱ መልስ ይመጣል፤ ‹‹የትኛው ፍርድ ቤት?›› የሚለው። ከ2015 ክረምት ወዲህ አገሩ ጦርነት ላይ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌ ፖሊስ የለም፤ ዳኛው ከተማ ገብቷል፤ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። በአማራ ክልል በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆነበት ዘመን ልጅቷ የምትውልበት ትምህርት ቤትም፣ ሁኔታዋን የምታይ አስተማሪም የላትም። ለዚህ አባት ፍትሕ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው። እውነት ነው፤ አልክደውም። ታዲያ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ሽማግሌው የሚሠራውን ይለውጥ።

መጀመሪያ ነገር ሽምግልናው ቢዘገይ ማንም አይሞትም፤ ጤና ጣቢያው ግን ቀጠሮ አያውቅም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ እርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ሽማግሌዎቹ ለምርቃትና ለልመና የሚያጠፉት ሦስት ቀን ይኸው ሦስት ቀን ነው። ካረገዘችም ሕጉ በመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለማስረጃ የእሷ ቃል ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠየቅም። ይህን የምታውቅ የገጠር እናት ስንት ትሆን?

ሌላው፣ ፍርድ ቤት ቢዘጋ ወንጀሉ አይዘጋም። ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የክስ ይርጋው 20 ዓመት ነው። ሽማግሌ የሁለቱን ቤት ጠመንጃ ያብርድ፤ ደም እንዳይፈስ ያማምላቸው፤ ያ የእሱ ወግ ነው። ጥፋተኛውን ከልጅቷ መንደር ያርቀው። በልጅቷ ላይ የተሠራውን ግን አያስታርቅ፣ ካሳ አይቁረጥበት፣ ጋብቻም አይዋዋልበት። ካሳ በሕግ የእሷ ነው፤ ከቅጣቱ ጋር እንጂ በቅጣቱ ፋንታ አይጠየቅም። ቄሱም ግዝት ማሰር ካልቀረላቸው ያየውን በሚሸሽግ ላይ ይሰሩት። ማንበብ የሚችል ዲያቆን በየደብሩ አለ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየውንና የሰማውን ሰው ስም በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፤ የጤና ጣቢያው ወረቀት ይያያዝበትና በእናትየው እጅ ይቀመጥ። ዳኛው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ችሎት በተቀመጠ ቀን ልጅቷ 15 ትሁን 25፣ ወረቀቱን ይዛ ትገባለች።