ቦርጭ የጌትነት ምልክት አይደለም

በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና ለቃሚው ዳገት ሲወጣ ይውላል፤ ጅማ መጥተን የተማርነው ልጆቹ ግን ከክፍል ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር በባጃጅ እንዛወራለን። ቦርጭ ስናወጣም «አማረበት» እንባላለን። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፤ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል፤ ልብንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ የለንደን ጥናት፣ ተቀምጠው የሚነዱ የአውቶቡስ ሾፌሮች ደረጃ ከሚወጡ ከሚወርዱት ትኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ በሽታ እንደሚጠቁ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ መክሯል፤ ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ስለዚህ ኅብረታችን የግቢው ሜዳ ለተመረጡ ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን ለሴት ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሠራተኞችም ሰዓት እንዲመደብበት ይጠይቅ። እስከዚያው ለመራመድ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።