ነሐሴ፣ ሻደይና አንዲት ደብዳቤ

እኔ ይህችን የምጽፍላችሁ ጣራዬ እየተንጫጫ፣ ካልሲዬን ከከሰል ምድጃው ጎን አስጥቼ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የነሐሴ ዝናብ ሥራው የታወቀ ነው፤ ጫማ ማበላሸት፣ ታክሲ ማሳጣትና ለቀጠሮ ማፍረሻ ሰበብ መሆን። በዚህ ወር “ዝናብ ያዘኝ” ብሎ ያልዋሸ ፍቅረኛ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

ታዲያ ሰሞኑን እንደልማዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናቡን ስራገም አጠገቤ የቆመ የሰቆጣ ልጅ ሰማኝና፣ “ተው ጋሼ፣ እኛ አገር እኮ እሱ በስለት ነው የሚመጣው” አለኝ። አፈርኩ። እውነቱን ነዋ! ዋግ ኽምራ ክረምቱ አጭር ነው። ዘግይቶ ይገባል፣ ቸኩሎ ይወጣል። ሐምሌን እያስካካ ዘንቦ ነሐሴ መገባደጃ ላይ ድንገት ቀጥ ካለ ማሽላው አምሮበት ቆሞ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። የ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከደቆሳቸው አገሮች አንዱ ዋግ ነው። እዚያ “ዘነበ ወይ?” ብሎ መጠየቅ እንደኛ የወሬ ማሟሻ አይደለም። የዓመቱን እንጀራ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ፍልሰታ ከገባ ሳምንቱ ነው። ሕፃን አዋቂው ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ዝንብ እንኳ ጠፍቷል። 13 ላይ ቡሄ ነው፤ ዘንድሮም የሰፈራችን ልጆች በ“ሆያ ሆዬ” ከኪሴ ስንት እንደሚወስዱ አንድዬ ይወቀው። ጾሙ 15 ቀን አልቆ በ16 ሲፈታ ደግሞ የልጃገረዶቹ ተራ ይመጣል። ሰቆጣና አካባቢዋ “ሻደይ” ይሉታል፤ ላሊበላ ሲደርስ “አሸንድዬ”፣ ቆቦ ላይ “ሶለል”፣ ትግራይ “አሸንዳ” ነው። ሻደይ ማለት ረዘም ያለ ለምለም ቅጠል ነው። ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ያስሩታል፣ ሲጨፍሩ ዙሪያውን ይወዛወዛል። የእመቤታችንን ዕርገት ለማሰብ ነው የሚል አለ፤ የለም፣ የጥፋት ውሃ ሲጎድል ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ለምለም ቅጠል ምሳሌ ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ከነሐሴ 16 እስከ 21 ድረስ “የት ዋልሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?” የሚል ጥያቄ የለም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ፍየል ስትጠብቅ የከረመች ልጅ በእነዚህ ቀናት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ድሪዋን አጥልቃ፣ ተኩላ፣ ከበሮ እየደለቀች ከቤት ቤት ትዞራለች። የምታሞግሰውን ታሞግሳለች፣ ንፉጉን በግጥም ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ጎረምሶቹም ዳር ቆመው ያያሉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማን አድጋ ለወግ ለማዕረግ እንደደረሰች የሚታየው ያኔ ነው። ጸጉሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የሕፃኗ፣ የኮረዳዋና የባለትዳሯ ሹሩባ የየራሱ ነው።

በነገራችን ላይ የሻደይ ማብቂያ የሆነችው ነሐሴ 21 በታሪክም የምትታወቅ ቀን ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱ በዓመቱ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ያረፉት በዚህች ዕለት ነው። አገሩ የሰማው በማግስቱ ነው። ያን ዓመት ሰቆጣ ላይ የሚጨፍሩት ልጆች ከበሯቸውን ሲያስቀምጡ ንጉሡ በሕይወት የሉም፣ ማንም ግን አላወቀም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ውርር ያደርገኛል።

ዋግ ራሱስ ንጉሥ አውጥቶ የለ? ዋግሹም ጎበዜ ማለቴ ነው። አባታቸውን አፄ ቴዎድሮስ ቢገድሉባቸው ሸፈቱ፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. “አፄ ተክለ ጊዮርጊስ” ተብለው ነገሡ። ሚስታቸው እቴጌ ድንቅነሽ ምርጫ የትግሬው ደጃች ካሣ ምርጫ እኅት ናቸው። አማቾች ናቸው ማለት ነው። ታዲያ አማችነቱ ምን ፈየደ? ሐምሌ 1863 ላይ አድዋ አጠገብ አሰም በሚባል ቦታ ተዋጉ። የጎበዜ ሠራዊት በቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ካሣ ግን እንግሊዞች ጥለውላቸው የሄዱት ጠመንጃ ነበራቸው። ጎበዜ ተማረኩ፣ ዓይናቸውን አጥተው በእስር አረፉ። ካሣ ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። እቴጌይቱ ባላቸውንና ወንድማቸውን እያዩ መሐል ላይ እንዴት እንዳደሩ ግን ማንም ብዙ ጽፎ አላየሁም።

ይህን ሁሉ የቀባጠርኩት በከንቱ አይደለም። አንዲት ደብዳቤ ደርሳኛለች። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ጸጉር ቤት ተቀጥራ ሹሩባ ትሠራለች። አገሯ ከጽጽቃ ወዲያ፣ ወደ ተከዜ የሚያወርደው ቆላ ነው። ልጅ ሳለች ሊድሯት ሲሉ ሌሊት ወጥታ ጠፋች። እናቷ አራት ዓመት ሙሉ ድምጿን መስማት አልፈልግም ብለው ከረሙ። በኋላ በዘመድ አዝማድ፣ በስልክ፣ በልቅሶ ታረቁ። ዘንድሮ ታዲያ እናት ደወሉ፤ “ለሻደይ ነይ፣ የእኅትሽን ጸጉር አንቺ ሥሪላት፣ እንዳንቺ እጅ ያለው የለም” አሏት።

ልጅት በደስታ ስታለቅስ አደረች። በሦስተኛው ቀን ግን የአክስቷ አፍ አመለጠ። ታናሽ እኅቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳለች። በሻደይ ቀን የሚያዩዋት ሰዎች አሉ። ነገሩ ከሰመረ አዝመራው ሲገባ፣ ጥር ላይ፣ ሰርግ ነው። ደብዳቤዋ የሚያልቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ “በገዛ እጄ አሳምሬ ለሽማግሌ ላቅርባት? ልቅር ብል ደግሞ እናቴን ሁለተኛ ማጣቴ ነው። ምን ይሻለኛል?”

ለአንድ ወዳጄ ባነብለት “ምን ይታሰባል! ሄዳ ይዛት ትምጣ” አለኝ። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ይህች ከተማ ተደብቃ የመጣችን የ15 ዓመት ልጅ እንዴት እንደምትቀበል አንቺም፣ እኔም፣ መናኸሪያ የሚቆመው ደላላም እናውቃለን። ከአንድ ሰው ቤት ሎሌነት ወደ ሌላ ሰው ቤት ሎሌነት ነው። እሱን ተዪው።

እኔ የምልሽ፣ ሂጂ። ግን ለ16 አትድረሺ፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ፣ ጾሙ ሳይፈታ ሂጂ። ከበሮው ከተመታ፣ ጠላው ከተቀዳ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ሰሚ የለም፤ እናትሽም ሰው ፊት ነገር ከተነሳባቸው ክብራቸውን ሲጠብቁ ልጂቱ ታልፋለች። በጾም ግን ቤቱ ጭር ይላል፣ ልብም ይለዝባል። ከቅዳሴ መልስ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ አውሪያቸው። “ሕጉ” ብለሽ አትጀምሪ። “እማዬ፣ አንቺ ስትዳሪ ስንት ዓመትሽ ነበር?” ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ዝም በይና አዳምጪ። ያላወራሽው ብዙ ነገር ከእሳቸው አፍ ሊወጣ ይችላል።

እናትሽ ጨካኝ ሆነው አይደለም። አንድ አፍ ይቀንስልኛል፣ ልጄ ቆማ አትቀርብኝ፣ ከደህና ቤት እዛመዳለሁ ብለው ነው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ይህ ሐሳብ ይበረታል። (ዝምድናው የሚፈይደውን ለማየት የጎበዜን ታሪክ ከላይ መልሰሽ አንብቢ።) ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። “የደብተሯን፣ የልብሷን፣ የስምንተኛ ክፍልን ወጪ እኔ እችላለሁ” የምትዪበትን ገንዘብ ቋጥረሽ ሂጂ። ትንሽም ብትሆን ትታይ። በባዶ እጅ የመጣ ምክር ከአዲስ አበባ የመጣ ኩራት ይመስላል።

ሕጉም ቢሆን አለ፣ እወቂው። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ 13 ዓመት የሞላትን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ማግባት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። የዋግ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ሰምቷል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ሲምል መሐላውን የሰየመው በእናንተው ከተማ ነው፤ “የሰቆጣ ቃል ኪዳን”። ታዲያ ገና ራሷ ያልጨረሰች እናት ልጅ ስትወልድ ያ ልጅ የመቀንጨር አደጋው ከፍ ያለ ነው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ የልጅ ልጅ ነገር ሆዳቸውን ይነካዋል።

እምቢ ካሉ የንስሐ አባታቸውን ያዢ። የቄስ ቃል የአንቺን አሥር ይሆናል። እሱም ካልሆነ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርና የወረዳውን ሴቶች ጉዳይ አነጋግሪ፤ አስፈላጊ ከሆነም ፖሊስ። ይህን የምታደርጊው ታዲያ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ጠላ ሳይጠነሰስ ነው። የሰርጉ ዕለት የሚመጣ ፖሊስ ልጂቱን ያስጥል እንደሆነ እንጂ ቤቱን አያድነውም። እናትሽ ይቀየሙሽ ይሆናል። አንዴ ተቀይመውሽ ታርቀውሻል፤ ይህን አትርሺ።

ደግሞ ከሁሉ በፊት ልጂቱን ራሷን ጠይቂያት። በደብዳቤሽ ውስጥ እሷ ምን እንዳለች አንዲት መስመር አጣሁ።

ጸጉሯን? ሥሪላት እንጂ! ሻደይ የእሷም በዓል ነው፣ ለምን ይቅርባት? ቅጠሏን ታስራ፣ ከእኩዮቿ ጋር ስድስቱንም ቀን ትጨፍር። ብቻ የልጅ ሹሩባ ሥሪላት። የትኛው ሹሩባ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሠራ፣ የሚያየውስ ሰው ምን እንደሚያነብበት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስትመለሺ ጻፊልኝ። ዝናቡ እዚያ እስከ ስንት ቀን እንደቆየም ጨምሪበት።