ደብዳቤ ያልገባለት ሰልፍ

በኢትዮጵያ ሰላማዊ ሰልፍን የሚገዛው ሕግ በሥራ ላይ ካለው ሕገ መንግሥት በዕድሜ ይበልጣል። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ ሊጠራ የሚሻ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው ወይም ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ በደብዳቤውም የሰልፉን ዓላማ፣ ቦታና መንገድ፣ ቀንና ሰዓት፣ ከዚህም ጋር የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ እንዲያሰፍር ያዛል፤ አስተዳደሩ በበኩሉ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ ይችላል እንጂ ሰልፉን ጨርሶ የመከልከል ሥልጣን አልተሰጠውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ሲደነግግ ይህንኑ ሐሳብ አጽንቶታል።

ችግሩ የሚጀምረው በደብዳቤው ግርጌ ከሚያርፈው ፊርማ ነው። ፈራሚው በሕጉ ዓይን ኃላፊነት የሚወስድ ዜጋ ሲሆን በተግባር ግን ሁከት ሲነሳ ብቻ ሳይሆን ገና ሳይነሳም አስቀድሞ የሚፈለገው ሰው ሆኖ ይገኛል። ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ጦርነትን የሚቃወም ሰልፍ ለማድረግ የተነሡ አስተባባሪዎች ቀኑ ሳይደርስ ታስረዋል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በምርጫው ዕለት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍን ለአንድ ወር ሲያግዱም አዋጁ ያስቀመጠውን ሥርዓት መከተል አላስፈለጋቸውም፤ ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት እግዱን በፍርድ ቤት ቢሞግትም የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ማለትም የሕገ መንግሥት ክርክርን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው አካል፣ እግዱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወስኗል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተከተለው ግጭት 193 ሲቪሎች መሞታቸውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል።

አዳማ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለችም፤ አንድ ጊዜም ራሷ የሰልፍ ምክንያት ሆና ነበር። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር መወሰኑን በመቃወም በ1996 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሜጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር ድምፃቸውን ሲያሰሙ ሰልፉ ተበትኗል፣ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተባርረዋል፣ የማኅበሩም መሪዎች ታስረዋል። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው ማግሥት ግን ክልሉ መቀመጫውን ወደ አዲስ አበባ መለሰ፤ ሰዎች የተቀጡበት ጥያቄ በቀጪው በራሱ ውሳኔ ተመለሰ ማለት ነው።

ፊርማ የሚያስከትለውን ያየ ትውልድ ፊርማ የሌለው ተቃውሞ ቢፈጥር አይገርምም። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ቄሮ በሚል ስም የታወቀው የወጣቶች እንቅስቃሴ (ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ያላገባ ወጣትን ያመለክታል) ጥሪውን በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ እያስተላለፈ ሱቅ ያዘጋ፣ መንገድ ያስቆም ነበር። የካቲት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አቶ በቀለ ገርባ ከእስር ሲፈቱ የአዳማ ሕዝብ ሊቀበላቸው ወጣ። ከእስር የሚፈታን ሰው ለመቀበል ከ48 ሰዓት በፊት ደብዳቤ ማስገባት የሚቻል አይደለም፤ መፈታቱ ራሱ ድንገት ይሰማልና። እንዲህ ያለውን ያለ ጠሪና ያለ ቀጠሮ የሚፈጠር መሰባሰብ የሕግ ሰዎች ድንገተኛ ስብስብ ይሉታል፤ የ1983ቱ አዋጅ ግን ይህን ክስተት በወጉ አላሰበበትም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ባወጣው ማብራሪያ አለማሳወቅ ብቻውን ሰልፈኛውን ሕገወጥ እንደማያደርገው ገልጿል፤ የቃል ኪዳኑ ድንጋጌም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በቢሾፍቱ ታይቷል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ ለኢሬቻ፣ ማለትም ለምስጋና በዓል፣ የመጣ እንጂ ሰልፍ የወጣ አልነበረም፤ ከመካከሉ የተቃውሞ ድምፅ ሲሰማ ግን መልሱ አስለቃሽ ጭስ ሆነና በተፈጠረው ግርግርና መረጋገጥ በመንግሥት ቆጠራ ብቻ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ይናገራሉ። ሳምንት ሳይሞላ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ 10 ወር ዘለቀ፤ ኮማንድ ፖስቱም፣ ማለትም አዋጁን የሚያስፈጽመው የጸጥታ ዕዝ፣ የተቃውሞ ምልክት የሆነውን እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ሳይቀር ከለከለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም ካላቸው መብቶች መካከል የሰልፍ መብት እንደማይገኝ እርግጥ ነው፤ በሕይወት የመኖር መብት ግን ከዝርዝሩ መቅረቱ ሕግ አርቃቂዎቹን እስከ ዛሬ ሊያስጠይቅ የሚገባ ጉድለት ነው።

ለሁከት ሕግ ጥብቅና የሚቆሙ ወገኖች የሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያን ይጠቅሳሉ፤ እውነትም አላቸው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎችም ከተሞች የተፈጸመው ቤትና ሆቴል ማቃጠል፣ ሰውን በማንነቱ እየለዩ መግደል፣ በየትኛውም ሚዛን ሰልፍ አይባልም። የወንጀል ሕጉ ሁከትን፣ ማለትም ተሰባስቦ በሰውና በንብረት ላይ የኃይል ድርጊት መፈጸምን፣ ከሰልፍ ለይቶ የሚቀጣው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ ከሞቱት 123 ሰዎች 35ቱ በጥቃት አድራሾች ሲገደሉ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች እርምጃ ሞተዋል፤ ተጎጂዎች የድረሱልን ጥሪ አሰምተው የአካባቢ ባለሥልጣናት ሳይደርሱላቸው የቀሩባቸው ቦታዎች እንደነበሩም ሪፖርቱ አስፍሯል። ሁለቱ ውድቀቶች በአንድ ሳምንት መገጣጠማቸው ድንገተኛ አይደለም፤ ደብዳቤ አስገብቶ የሚሰለፈውን ከቤት አቃጣይ ጋር በአንድ ዓይን ማየት የለመደ የጸጥታ ኃይል የመለየት ችሎታውን ያጣል፤ መለየት ያቃተውም ኃይል በአንዱ ቦታ ሲተኩስ በሌላው ቦታ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ አዲስ ቅጣት የሚጨምር ሕግ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ድንገተኛ ስብስብን የሚያውቅ፣ ፈራሚውን ሌሎች ከሚፈጽሙት ጥፋት ነፃ የሚያደርግ፣ ከኃይል እርምጃ በፊት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስጠንቀቂያ እንዲነገር የሚያስገድድ፣ የተኩስ ትእዛዝ የሰጠውም አዛዥ በስሙ እንዲመዘገብ የሚያደርግ ማሻሻያ ሲሆን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ30 ዓመት በላይ የቆየውን አዋጅ በዚህ መንገድ ሊያድሰው ይገባል። የአዳማ፣ የቢሾፍቱ፣ የባቱና የሻሸመኔ ከተማ አስተዳደሮች ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም፤ የገባላቸውን የሰልፍ ማሳወቂያ፣ የሰጡትን መልስና ምክንያቱን በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ።