የዶን ካርተር ሚሊዮን ዶላር እና የላሊበላው አስጎብኚ

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ከባድ ኳስ አንከባሎ ጠርሙስ የሚመስሉ አስር እንጨቶችን የሚጥል ሰው በዚሁ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራል ብትባሉ ታምናላችሁ? ያስተዳድራል። እንዲያውም ከስፖርተኞች ሁሉ ቀድሞ የአንድ ሚሊዮን ዶላር የማስታወቂያ ውል ፈረመ የሚባለው ሯጭም ቦክሰኛም አይደለም፤ ዶን ካርተር የሚባል አሜሪካዊ የቦውሊንግ ተጫዋች ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964፣ ከፋዩ ደግሞ ኢቦናይት የተባለው የቦውሊንግ ኳስ አምራች።

"ታዲያ ይሄ ለላስታ ሰው ምኑ ነው?" የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱን። የዚህ ሙያ አነሳስና አወዳደቅ ላሊበላ ከኮቪድ ወዲህ ካየችው ጋር በብዙ ይመሳሰላል።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ። አዲስ አበባ ላይ ላፍቶ አካባቢ ሄዶ የሞከረ ሰው ቀላል ነው ሊላችሁ ይችላል፤ አይደለም። ኳሱ እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚንከባለልበት መስመር 18 ሜትር ያህል ነው። አስሩንም በአንድ ውርወራ መጣል አለ፤ ይህንን 12 ጊዜ በተከታታይ ያደረገ 300 ነጥብ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ የለም። ባለሙያውን ከተራው ሰው የሚለየው ግን ጉልበት ሳይሆን ወለሉን ማንበብ ነው። መስመሩ ላይ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ በዓይን አይለይም፤ የት ጋ እንደበዛ፣ የት ጋ እንደሳሳ የሚታወቀው ኳሱ ሲታጠፍ ተመልክቶ ነው። ተጫዋቾች በወረወሩ ቁጥር ደግሞ ዘይቱ ይነሳል፣ ቦታ ይቀይራል። ጠዋት ያዋጣ አወራወር ከሰዓት ላያዋጣ ይችላል።

ይህን ችሎታ ወደ እንጀራ የቀየረው ኤዲ ኤልያስ የተባለ የኦሃዮ ጠበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 33 ተጫዋቾች 50፣ 50 ዶላር አዋጡለትና የፕሮፌሽናሎቹ ማኅበር ተመሠረተ። ከ1962 ጀምሮ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ውድድሩን ቅዳሜ ከሰዓት ያስተላልፍ ገባ። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው ያኔ ነው። ኤርል አንቶኒ የሚባለው ግራኝ በ1975 በአንድ የውድድር ዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ በመሸለም የመጀመሪያው ሆነ፤ በ1982 ደግሞ የሽልማቱ ድምር ሚሊዮን አለፈ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ከዚያስ? በ1997 ኤቢሲ ከ35 ዓመት በኋላ ፕሮግራሙን አቆመ። ተመልካቹ ዕድሜው እየገፋ ሄዷል፤ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ድርጅት ደግሞ ወጣት ነው የሚፈልገው። በ2000 ማኅበሩ እንዳለ፣ ስሙም ታሪኩም ተጠቃሎ፣ በ5 ሚሊዮን ዶላር ለሦስት የቀድሞ የማይክሮሶፍት ኃላፊዎች ተሸጠ። አምስት ካርተር ማለት ነው!

እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ የተጫዋቾቹ ችሎታ አልቀነሰም። እንዲያውም ጨምሯል። ጄሰን ቤልሞንቴ የተባለው አውስትራሊያዊ ሕፃን ሳለ ኳሱ ስለከበደው በሁለት እጁ መወርወር ጀመረ፤ አድጎም አልተወውም። ብዙዎች ሳቁበት። ዛሬ 15 ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈ፣ በዚህ ማንም ያልደረሰበት ሰው ነው። ከጥቂቶቹ ከዋክብት በታች ያለው ባለሙያ ግን በሽልማት ብቻ አይኖርም። ብዙዎቹን ያቆማቸው ሌላ ነገር ነው፦ ለተራው ተጫዋች ጣቱን ለክተው ኳስ የሚበሱባት ትንሽ ሱቅ፣ ለጀማሪ የሚሰጡት ትምህርት። ቴሌቪዥኑ ሲሄድ ያልሄደው በየከተማው ለመዝናናት የሚጫወተው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሰሜን ወሎ እንምጣ። ስፖርት እዚህ እንጀራ እንዳይሆን መጫወቻ ቦታ አነሰ የሚል ካለ ወልድያን ይይ። የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ ከአገሪቱ ምርጥ ሜዳዎች አንዱ ነው። ወልድያ ከተማም ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ነበር። በኅዳር 2010 ዓ.ም ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ሰበብ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ሜዳው አለ። ሰላምና ተመልካች ሲጠፋ የተጫዋቹ ሙያም አብሮ ይጠፋል።

ላሊበላ ላይ ግን ዋናው ባለሙያ አስጎብኚው ነው። እሱም እንደ ቦውሊንግ ተጫዋቹ የዕድሜ ልክ ዕውቀት ይዟል፤ የ11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛ የሚተርክ ልጅ እዚያ ብርቅ አይደለም። ሆቴሉ፣ የመኪና አከራዩ፣ መስቀልና ሸማ ሻጩ ሁሉ የቆመው በዚሁ የውጭ እንግዳ ላይ ነበር። በ2012 ኮቪድ መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ከረመች። እፎይ ሲባል በ2015 ክረምት ሌላ ግጭት፤ በረራም ተቋረጠ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣው ቴሌቪዥን ጠፋ ማለት ነው። የአስጎብኚው ቋንቋ ግን አልጠፋም፤ ቤተ ጊዮርጊስም እዚያው ነው።

ንጽጽሩ የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ አንደብቀውም። ቦውሊንግን የጎዳው ገበያ ነው፣ ላሊበላን የጎዳው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ሳይቆም ስለ ገበያ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ቢሆንም ሰላም በሆነበት ዘመንም ቢሆን ያልተነካ አንድ ጉዳይ ነበር፦ ምዕመኑ።

ለገና በእግሩ ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ተጉዞ የሚመጣው ገበሬ አለ። የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል፤ ይህ ትልቅ ወግ ነው። በገበያ ዓይን ግን እንደ እንግዳ ተቆጥሮ አያውቅም። ስንቁን ይዞ መጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ተሳልሞ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የሚመጣው ማኅበርም ከዚህ ብዙም አይለይም። ሆቴሉ ዋጋውን በዶላር አስቦ የተሠራ ነው፣ አስጎብኚውም ጥሩ ትረካውን ለፈረንጅ ነው ያዘጋጀው። ለአገሬው ሰው በአማርኛ፣ በቡድን፣ አቅሙ በሚፈቅደው ክፍያ ልተርክልህ የሚል አደረጃጀት ደካማ ነበር። በእኛ አመለካከት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የቦውሊንግ ባለሙያውን ያተረፈችው ያቺ ትንሽ ሱቅ ላሊበላ ላይ አልተከፈተችም።

አንድ መቶ ምዕመን በነፍስ ወከፍ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ አንድ ፈረንጅ ከሚከፍለው ጋር ላይመጣጠን ይችላል። ግን ምዕመኑ የጉዞ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣለት ኤምባሲ የለውም። መንገድ ከተከፈተለት ይመጣል። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ጥያቄው ከወልድያ ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ ያለው መንገድ ላይ ያርፋል።  አስጎብኚው የሚጠብቀው ጋሸና ላይ ሳይቆም የሚያልፍ አንድ አውቶቡስ ነው።