«ሜይ» እና «ሻል» ያለበት ውል

ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት እንግሊዝኛ ስለ ጤና፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ታዋቂ ሰዎች ብዙ ያወራል። እኛ ወላጆች በየቀኑ የምንጋፈጠው እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው፦ ፕሮፎርማ፣ አድቫንስ፣ ዲፖዚት፣ ኮሚሽን፣ ኔት፣ ግሮስ። እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ቆርቆሮ ልትገዙ ብትገቡ «ፕሮፎርማ ላውጣልዎት?» ትባላላችሁ። ቃሉን ሁላችንም ለምደነዋል። ትርጉሙን ግን እያንዳንዳችን የመሰለንን ይዘን ነው የምንሄደው።

ቀብድን እንውሰድ። ቀብድ የራሳችን ቃል ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ ስሙ ያውቀዋል። የሕጉን ረቂቅ ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበር ያዘጋጁት፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በእንግሊዝኛው ቅጂ ቀብድ «ኧርነስት» ተብሏል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቃል ቢያውቀው እንኳ የሚያውቀው «ከልቡ የሆነ፣ ቁም ነገረኛ» በሚለው ፍቺው ነው። ስለዚህ አያቱ ውል አንብብልኝ ቢሉት ገንዘቡን ዘሎ ጠባይ ይተረጉምላቸዋል።

ሕጉ ቀብድን እንዲህ ያየዋል። ቀብድ ከተሰጠ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በጋሳይ ወይም በጉና ግርጌ ድንች የሚያመርት ገበሬ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ነጋዴው ማሳው ላይ መጥቶ ቀብድ ይሰጣል፣ በመከር ሰሞን ዋጋ ይወጣል፣ ገበሬውም «ብሩን እመልስለታለሁ» ብሎ ለሌላ ይሸጣል። የሚመልሰው ግን የተቀበለውን ብቻ አይደለም። «አድቫንስ» የሚባለው ከዋጋው ላይ ቀድሞ የሚከፈል ነው፤ በስሙ ውስጥ የእጥፍ ነገር የለም። «ዲፖዚት» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መያዣ ነው፤ ጉዳት ካልደረሰ ይመለሳል። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ «ቅድሚያ ክፍያ» ሲባሉ እሰማለሁ።

ከስሞቹ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት በመንገድ ዳር ያለች ሱቃቸውን ከሌላ ከተማ የመጣ ድርጅት ሊከራያቸው ፈልጎ ውሉን በእንግሊዝኛ ላከላቸው። የልጅ ልጃቸው አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት። አንብባ «እማማ፣ አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል» አለቻቸው። ወረቀቱን ለእኔም አሳዩኝ። ልጅቱ ያለችው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን እድሳቱን በሚያወሳው አንቀጽ ላይ ለተከራዩ «ሜይ»፣ ለአከራይዋ «ሻል» ተጽፎ ነበር። ተከራዩ ከፈለገ በዚያው ኪራይ ሌላ አምስት ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ አከራይዋ ግን የመቀበል ግዴታ አለባቸው። እሳቸው ለአሥር ዓመት በአንድ ዋጋ ታስረው፣ እሱ በአምስተኛው ዓመት ሲሻው ይወጣል ማለት ነው። ልጅቱን አስተማሪዎቿ «ሜይ» ፈቃድ መጠየቂያ ነው ብለው ነው ያስተማሯት፤ አልተሳሳቱም።

በእኛ አገር በእንዲህ ያለች ቃል የመጣውን ነገር የማያውቅ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል የሚል ነበር። ኢጣሊያ ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን ይዛ ግዴታ ነው አለች። ነገሩ ቁልጭ ብሎ የወጣው ምኒልክ ለንግሥት ቪክቶሪያ በቀጥታ ሲጽፉ ነው፤ የመጣላቸው መልስ ጉዳይዎ በኢጣሊያ በኩል ይሁን የሚል ሆነ። ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ አድዋ በ1888 ዓ.ም. ተከተለ። የሰፈራችን እናት ጦር የላቸውም።

ያላቸው ሕግ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ማንበብ ለማይችል ወይም ለዐይነ ስውር ሰው ጥሩ አጥር አኑሯል፦ ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ስለዚህ ወኪሉ ቤት ድረስ ቀለም ይዞ ሲመጣ «እዚህ አልፈርምም፣ ቢሮ እንሂድ» ማለት ነውር አይደለም። «በአማርኛ ጻፉልኝ» ማለትም ድንቁርና አይደለም። እሳቸው እንዲህ ብለው ወረቀቱን መለሱት። ወኪሉ ትንሽ ከፋው። በሁለተኛው ሳምንት ግን በአማርኛ አምጥቶ፣ እድሳቱ በሁለቱም ወገን ስምምነት፣ ኪራዩም በዚያው ጊዜ በድርድር እንዲሆን ተጻፈ። የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ቁጭ ብላ ሁለቱን ወረቀት ስታስተያይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ሻል» ያየችበትን ሁሉ በእርሳስ ታሰምራለች አሉ።

ለልጆቻችን የንግድ እንግሊዝኛ እናስተምር የሚሉ ወላጆች «ዲል»፣ «ማርኬቲንግ»፣ «ኢንቨስተር» የሚሉትን ሲያስቆጥሩ አያለሁ። እነዚህን ልጁ ከስልኩ ያገኛቸዋል። እኔ ብሆን «አንለስ»፣ «ሰብጀክት ቱ»፣ «ዊዚን» የሚሉትን አስቀድማለሁ። የመጀመሪያው «ካልሆነ በቀር» ነው፤ ከፊቱ የተሰጠውን ቃል መልሶ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው «ይህ ከተሟላ» ነው፤ ባንክ «አጽድቀናል» ብሎ ደብዳቤ ሲልክ ብዙ ጊዜ ይህች ሐረግ ተከትላ ትመጣለች። ሦስተኛው ቀን ይቆጥራል፤ «በ30 ቀን ውስጥ» እና «ከ30 ቀን በኋላ» ለገበሬ አንድ አይደሉም።

ልጅዎ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ የቅጥር ውሉን በስልክ ፎቶ አንስቶ ከላከልዎት ደግሞ «ፕሮቤሽን» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ወረቀቱ ላይ ስድስት ወር የሚል ካያችሁ፣ ልጁ ሳይፈርም ደውሉለት።